ሁለት አሥረኛ ኦም እንዴት ይለካል?



በዚህ በምንማርበት በእንግሊዝ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ተስቦ ሲያልቅ የሚጣለው የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ እንዳይሸጥ መከልከሉ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን መካከል ቬፕ የሚስቡት ፈሳሹ እየተሞላ የሚሠራውን ዐይነት ይዘዋል። ከእነዚህም ውስጥ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ፥ ወይም እንዲያው የእጅ ሥራ ስለሚወዱ፥ በውስጡ የሚግለውን ሽቦ ገዝተው በራሳቸው እጅ የሚጠቀልሉ አሉ። በመኖሪያ ቤታችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፥ ከሽሮው ዕቃ ጎን፥ ጥጥና ቀጭን ሽቦ ከካቻቢቴ ጋር ተቀምጦ ማየት ከጀመርን ሰንብተናል።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ማጨስን ለማመስገን አይደለም፤ ለመገሠጽም አይደለም። ስለ ኒኮቲን ጕዳት የሕክምና ተማሪዎቻችን ከእኛ የተሻለ ሊጽፉ ይችላሉ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ይህን ዕቃ መሸጥን እንደሚከለክል ዕወቁና ሻንጣችሁን በዚያው ልክ አዘጋጁ። የእኛ ጕዳይ መለኪያው ነው። ሽቦ የጠቀለለ ሰው ሁሉ፥ ጥቅሉን ከባትሪ ጋር ከማገናኘቱ በፊት፥ ስንት ኦም እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ይህን ለማወቅ ሲል ደግሞ ከገበያ መልቲሜትር ይገዛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ወደ ጽሑፍ ያመጣው ባለፈው ክረምት የደረሰው ነው። ስሙን የማንጠራው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኛችን አንድ ሜካኒካል ቀፎ ገዛ። ሜካኒካል የሚባለው ምንም የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሌለው ነው፤ የብረት ቱቦ፥ አንድ ባትሪና አንድ ቁልፍ ብቻ። የሚከላከል የለም፤ የሚከላከለው የባለቤቱ ሒሳብ ነው። ጓደኛችን ሒሳቡን አልዘነጋም። ጥቅሉን በርካሽ መልቲሜትር ለካው፤ መለኪያውም 0.5 ኦም አሳየው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ የ18650 ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። 4.2ን ለ0.5 ሲያካፍል 8.4 አምፔር አገኘ። የያዘው ባትሪ ያለማቋረጥ 10 አምፔር ይሰጣል ተብሎ የተሸጠ ስለ ነበረ፥ በደንብ ተረፈኝ ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

ጥቂት ጊዜ እንደ ሳበ ቱቦው ለእጅ የማይመች ትኩስ ሆነ። ፈትቶ ባትሪውን ሲያወጣው የፕላስቲክ ልባሱ ተጨማድዶ የተቃጠለ ሽታ ይሸት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከዚያ ያለፈ ጕዳት አልደረሰም። ነገር ግን በ2018 በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ፥ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አንድ ሰው፥ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ፥ በፎርት ወርዝ ሌላ ወጣት የኤሌክትሮኒክ ሲጃራቸው ፈንድቶ ሕይወታቸው አልፏል። የእነዚያ አደጋ ምክንያት የመለኪያ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ በጓደኛችን እጅ የነበረው ባትሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሳሰብ ነው።

«እኔ እኮ ለክቼዋለሁ» አለን ባትሪውን በሳሕን ላይ አድርጎ እያሳየን። እውነቱን ነው፤ ለክቶታል። ጥቅሉን ተቀብለን በማግስቱ ወደ ትምህርት ክፍላችን ላቦራቶሪ ወሰድነው። በዚያ በሚገኘው በኤች ፒ 34401ኤ የጠረጴዛ መለኪያ በአራት ሽቦ ስንለካው 0.21 ኦም ሆነ። 4.2 ለ0.21 ሲካፈል 20 አምፔር ነው። 10 አምፔር ለሚችል ባትሪ 20 አምፔር!

ስሕተቱ ወዴት እንዳዘነበለ ተመልከቱ። መለኪያው አሳንሶ ቢናገር ኖሮ ጓደኛችን ፈርቶ ሽቦውን ባስረዘመ፥ የሚጎዳውም የሚስበው ጢስ ማነሱ ብቻ በሆነ ነበር። ርካሽ መለኪያ ግን በዚህ ሥራ ላይ ዘወትር ለማለት ይቻላል አብዝቶ ነው የሚናገረው። ሬዚስታንሱ በዝቶ ሲታይ ከረንቱ ያነሰ ይመስላል፤ ሰውም ይደፍራል።

ለምን አበዛ? የመጀመሪያው ምክንያት የራሱ የመለኪያው ቀይና ጥቁር ሽቦ ነው። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርሳቸው አነካክተን ስናይ፥ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር፥ 0.3 አሳየን። ሽቦዎቹ፥ መሰኪያዎቹና ጫፎቹ ራሳቸው ሬዚስታንስ አላቸውና ነው። የ1000 ኦም ዕቃ ለሚለካ ሰው 0.3 ምንም አይደለም፤ የ0.21 ኦም ጥቅል ለሚለካ ግን ከሚለካው ይበልጣል። ጤፍን በእህል በረንዳ ሚዛን እንደ መመዘን ነው፤ ጤፉ አለ፥ ጆንያው ግን ከጤፉ ይከብዳል።

ታዲያ ጆንያውን መቀነስ አይቻልም ወይ? ትሉን ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። 0.5 ሲቀነስ 0.3 እኩል ይሆናል 0.2፤ ደስ አለን። ሆኖም ጫፎቹን ጠበቅ አድርገን ስናነካካ 0.2፥ ላላ ስናደርግ 0.4 ሆነ። እንግዲህ ጥቅሉ 0.1 ነው ወይስ 0.3? በ0.3 ከሆነ 14 አምፔር፥ በ0.1 ከሆነ 42 አምፔር ነው። በእነዚህ ሁለት ቍጥሮች መካከል አንድ ባትሪ ሊኖርም ሊሞትም ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት በመመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ማንም የማያነበው ነው። በዚህ ዐይነት መለኪያ በ200 ኦም መደብ ላይ ትክክለኛነቱ «ከንባቡ 0.8 በመቶ ሲደመር 2 አኃዝ» ተብሎ ይጻፋል። ገዢው 0.8 በመቶ የሚለውን አይቶ ይደሰታል። አደጋው ያለው ግን «2 አኃዝ» በሚለው ላይ ነው። በዚህ መደብ የመጨረሻው አኃዝ የአንድ ኦም አሥረኛ ስለ ሆነ፥ 2 አኃዝ ማለት 0.2 ኦም ማለት ነው። 0.2 ኦም ሲለካ በመቶኛው የሚያመጣው ስሕተት 0.0016 ነው፤ አኃዞቹ የሚያመጡት ግን 0.2፥ ማለትም የሚለካውን ያህል። አምራቹ አልዋሸም፤ በወረቀቱ ላይ ነግሮናል።

ውድ መለኪያ ብንገዛስ? በዚህ ነገር ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፍሉክ 117 የተባለው መለኪያ በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ የተከበረ፥ ዋጋውም ከርካሾቹ ብዙ እጥፍ የሆነ ነው፤ ነገር ግን በኦም በኩል የሚያሳየው የመጨረሻ አኃዝ እሱም 0.1 ነው። ለግድግዳ ኤሌክትሪክ እንጂ ለጥቅል ሽቦ አልተሠራም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለደኅንነቱና ለጥንካሬው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መለኪያው ኦምን እንዴት እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል። ኦም በቀጥታ የሚታይ ነገር አይደለም። መለኪያው ከራሱ ባትሪ ትንሽ ከረንት፥ ብዙውን ጊዜ የአንድ አምፔር ሺኛ ያህል፥ በሽቦው ውስጥ ይልካል፤ ከዚያም በሽቦው ላይ ስንት ቮልት እንደ ወደቀ ይመለከታል። በ0.21 ኦም ላይ የአንድ አምፔር ሺኛ ሲያልፍ የሚወድቀው 0.21 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ይህ በሹክሹክታ መጠየቅና በሹክሹክታ መልስ መስማት ነው። የላቦራቶሪው ትልቅ መለኪያ እንኳ በዚሁ ትንሽ ከረንት ስለሚሠራ፥ በዚህ መጠን ላይ ከ0.004 ኦም የተሻለ ዋስትና አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያ የተናቀው ርካሽ መለኪያ በኦም ደካማ ይሁን እንጂ በቮልት ጎበዝ ነው። በ2000 ሚሊቮልት መደብ ላይ አንድ ሚሊቮልትን ለይቶ ያሳያል፤ የውስጡ ሬዚስታንስ 1 ሚሊዮን ኦም ወይም ከዚያ በላይ ስለ ሆነም፥ የራሱ ሽቦዎች 0.3 ኦም ቢሆኑ አንድም ለውጥ አያመጡም። ስለዚህ የማይችለውን ከመጠየቅ የሚችለውን መጠየቅ ነው። ከረንቱን እኛ ጠንከር አድርገን እንልካለን፤ እሱ ቮልቱን ብቻ ይንገረን።

እንዲህ አደረግን። ከኤሌክትሮኒክ ዕቃ መደብር ሁለት ሬዚስተር ገዛን፤ አንዱ 10 ኦም፥ ሌላው 1 ኦም፥ ሁለቱም 5 ዋት የሚችሉ። 1 ኦሙ ስሕተቱ ከ1 በመቶ የማይበልጥ መሆን አለበት፤ የእኛ ሚዛን ድንጋይ እሱ ነውና። አንድ የተበላሸ የስልክ ዩኤስቢ ገመድ ቈርጠን ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አወጣን። ከዚያ ከቻርጀሩ ቀይ ሽቦ ወደ 10 ኦሙ፥ ከ10 ኦሙ ወደ 1 ኦሙ፥ ከ1 ኦሙ ወደ ጥቅሉ፥ ከጥቅሉ ወደ ጥቁሩ ሽቦ፥ በአንድ ረድፍ አያያዝናቸው። ጥቅሉ በዚህ ጊዜ ከባትሪው ቀፎ ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት። 10 ኦሙም ከረድፉ አይቀርም፤ ከረንቱን የሚገታው እሱ ነው። ቻርጀሩ ተራው የ5 ቮልት ዐይነት ይሁን።

በረድፉ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ግማሽ አምፔር አይሞላም። መለኪያውን በ2000 ሚሊቮልት መደብ ላይ አድርገን የ1 ኦሙን ሁለት እግሮች ከሰውነቱ አጠገብ ስንነካ 443 አሳየ። መደቡን ሳንለውጥ የጥቅሉን ሁለት ጫፎች ስንነካ 93 አሳየ። 93 ለ443 ሲካፈል 0.21 ነው። በላቦራቶሪ ያገኘነው ይኸው ነበር፤ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፥ ጓደኛችንን ባሳሳተው በዚያው መለኪያ!

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። መለኪያው በቮልት በኩል እንኳ ትንሽ የሚያበዛ ቢሆን፥ በመቶ 2 ከፍ አድርጎ የሚናገር ቢሆን፥ ሁለቱንም በእኩል ያበዛል፤ ስናካፍል ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ከቻርጀሩም የሚወጣው 4.9 ይሁን 5.1 ግድ የለንም። የሚቀረው የሬዚስተሩ 1 በመቶና በ93 ላይ የሚመጣው የ1 ሚሊቮልት ጥርጣሬ ነው፤ ተደምሮ ወደ 2 በመቶ ግድም። 10 ኦሙ ግን ወደ 2 ዋት ስለሚያቃጥል በፍጥነት ይግላል፤ ከለካችሁ በኋላ ንቀሉት፥ በፕላስቲክ ጠረጴዛም ላይ አታስቀምጡት። (የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ልብስ አሁን አንድ ቡናማ ምልክት አለበት።)

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ቶምሶን፥ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፥ በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ትንንሽ ሬዚስታንሶችን ለመለካት በተቸገረ ጊዜ በዚሁ መንገድ ተጠቅሟል። ሁለት ሽቦዎች ጭነቱን ይሸከማሉ፤ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ጭነት ሳይነኩ ይታዘባሉ። ዛሬ «የአራት ሽቦ ልክ» የሚባለው ይኸው ነው።

መለኪያ ከመያዛችሁም በፊት እርሳስና ወረቀት ብዙ ይሠራል። ካንታል ኤ1 የተባለው ሽቦ 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረው 1.45 ኦም ነው። የጓደኛችን ሽቦ ስፋቱ 0.6 ሚሊሜትር ነበረ፤ የአንገቱ ቁራጭ 0.283 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሜትሩ 5.1 ኦም ያህል ነው። እሱ ለእያንዳንዱ ጥቅል 8 ሳንቲ ሜትር ቈረጠ፤ ይህ 0.41 ኦም ነው። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ስላደረገ ደግሞ ግማሹ፥ 0.205 ሆነ። 0.5 የሚል ቍጥር ከዚህ ሒሳብ በምንም መንገድ አይወጣም። ሽቦውን በማስመሪያ ለክቶ ቢሆን ኖሮ መለኪያው እንደ ተሳሳተ ቁልፉን ሳይጫን ባወቀ ነበር። ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነውና አልፈረድንበትም።

ዕቃ ካልገዛን አንሰማም ለምትሉ ወንድሞችና እኅቶች አጭር አስተያየት እንስጥ። ጥቅሉ የሚጠመዘዝባቸው ትንንሽ የኦም ማንበቢያዎች ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ እስከ 0.01 ድረስ ያሳያሉ። ለዚህ ሥራ ከተራ መልቲሜትር ይሻላሉ፥ ሽቦ ስለሌላቸው። ነገር ግን አኃዝ ማሳየት ሌላ፥ ትክክል መሆን ሌላ ነው። ሻጩን ስለ ስሕተቱ መጠን ጠይቁት፤ ካላወቀ በ1 ኦም ሬዚስተራችሁ ፈትኑት። ሁለት 1 ኦሞች ጎን ለጎን ሲያያዙ 0.5፥ አራት ሲያያዙ 0.25 ይሆናሉና፥ ቅናሽ በሚባል ዋጋ የራሳችሁ መፈተኛ አላችሁ። መልቲሜትር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ሬዚስታንስ በአንድ ቁልፍ የሚቀንስ፥ በኦምም እስከ 0.01 የሚወርድ መሆኑን ከወረቀቱ አንብቡ፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

ስለ ቮልት ልክ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፥ ያረፈ ባትሪ 4.2 ቮልት አለው ማለት ሲሠራ 4.2 ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ልኩ የሚወሰደው ጥቅሉ እየጋለ ሳለ ነው። ባትሪው ላይና ጥቅሉ ላይ በየተራ ለክታችሁ በመካከሉ 0.2 ቮልት ከጠፋ፥ በ15 አምፔር 3 ዋት በቁልፉና በጥርሱ ላይ እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ቁልፉን ጥረጉት። ይሁን እንጂ ለደኅንነት ሒሳብ ምን ጊዜም 4.2ን ያዙ።

ሁለተኛው ለመልመድ ይከብዳል። አንዳንድ መሣሪያዎች ቮልቱን የሚቀንሱት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ነው። 6 ቮልት ከጊዜው ሩቡን ያህል ተከፍቶ ሦስት እጁን ቢዘጋ፥ ተራው መለኪያ አማካዩን፥ 1.5 ቮልት ያሳያል። በ1 ኦም ጥቅል ላይ ይህ 2.25 ዋት ይመስላል። ሽቦው ግን በአማካይ አይግልም፤ ሲከፈት 36 ዋት፥ ሲዘጋ ዜሮ፥ ሩቡ 9 ዋት ነው፤ ልክ እንደ 3 ቮልት። «ትሩ አር ኤም ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ያለበትን መለኪያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን በተለዋዋጭ ከረንት መደብ ላይ ቋሚውን ክፍል ብዙውን ጊዜ ስለሚጥል 2.6 ያሳያል፤ የ1.5ንና የ2.6ን ካሬዎች ደምራችሁ ሥሩን ስታወጡ 3 ታገኛላችሁ።

ሙቀትን የሚቈጣጠሩ መሣሪያዎች ያሏችሁ ደግሞ ጥቅሉ በክፍሉ ሙቀት ልክ ሳይቀዘቅዝ አትለኩ። የኒኬል ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሬዚስታንሱ በ0.6 በመቶ ግድም ስለሚጨምር፥ በብርዱ 0.10 ኦም የነበረው 200 ዲግሪ ሲጨመርበት ወደ 0.22 ይደርሳል። መሣሪያው ሙቀቱን የሚያውቀው በዚህ ለውጥ ነው፤ መነሻው ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። ካንታል ግን ብዙም ስለማይለዋወጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለቱ ሬዚስተሮችና የተቈረጠው ገመድ በማኅበሩ ክፍል፥ በቡናው ዕቃ ሳጥን ውስጥ፥ በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል። መለካት የሚፈልግ ስሙን በደብተሩ ላይ ጽፎ ይውሰድ። ባለፈው ሳምንት 1 ኦሙን ብቻ ወስዶ 10 ኦሙን የተወው ወንድም ግን፥ በረድፉ ውስጥ 10 ኦም ከሌለ ምን እንደሚሆን ከላይ አንብቦ፥ ዛሬውኑ ይመልስልን።